ቸኮሌቱ፣ ሲኒውና በዕድሜ የገፉ ሴቶች ልብ

በዕድሜ የገፉ ሴቶችንና ቸኮሌትን አገናኝቶ ብዙ ያነጋገረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊድን የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ከ48 እስከ 83 ዓመት የሆናቸውን 31,823 ሴቶች ስለ አመጋገባቸው ጠይቀው፣ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በሆስፒታልና በሞት መዝገብ ተከታተሏቸው። በነዚህ ዓመታት 419ኙ በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተዋል ወይም ሞተዋል። ቸኮሌት አዘውትረው ከማይቀምሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በወር ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ የሚበሉት በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው በ26 በመቶ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የሚበሉት ደግሞ በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ የሚበሉት ግን ያተረፉት ነገር አልነበረም።

ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ሌላም የሚወድቅ አለ፤ በጥናቱ «አንድ ጊዜ» የተባለው መጠን። ለትልልቆቹ ሴቶች 19 ግራም ገደማ፣ በዕድሜ ለሚያንሱት 30 ግራም ገደማ ነበር። መቶ ግራም ከሚመዝነው ጥፍጥፍ ቸኮሌት ላይ አንድ አምስተኛ ቢቆረስ አሮጊቷ በላች የተባለውን ያህል ይሆናል። ቸኮሌቱም ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ስዊድን ውስጥ የሚሸጠው የወተት ቸኮሌት 30 በመቶ ገደማ ኮኮዋ ሲኖረው፣ በአሜሪካ «ጥቁር» ለመባል ከዚያ ግማሹ ይበቃል።

የሕመሙ ስምም ማብራሪያ ይፈልጋል። በአማርኛ «የልብ ድካም» የሚለው ቃል በሰው አፍ ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ ድንገት ደረት ጨምድዶ የሚጥለውም፣ ቀስ እያለ አቅም የሚያሳጣውም በዚሁ ስም ይጠራል። የስዊድኑ ጥናት የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ልብ ደሙን በሚገባ መግፋት ሲሳናት ውኃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። በወሎ፣ ከሐይቅ ውኃ ዳር ተነሥታ ወደ ሐይቅ ከተማ የምትወጣ የሰባ ዓመት ሴት ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰውን ዳገት አሁን ሦስት ጊዜ እየቆመች ትወጣዋለች። ማታ ጋደም ስትል ያፍናታል፣ ስለዚህ ትራስ ትደርባለች። ወደ ማምሻው ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ አልገባ ይላል። ብዙዎች ይህን «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ያለው ለዓመታት ሳይለካ የኖረ የደም ግፊት ነው።

በዚያው በ2010 ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ከተማ፣ ሌላ ጥናት ወጣ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ 1,216 ሴቶች ለዘጠኝ ዓመት ተኩል ክትትል ተደርጎላቸው፣ በሳምንት አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ ቸኮሌት የሚበሉት ደም ሥር በመደደር በሚመጡ ሕመሞች የመተኛትም የመሞትም ዕድላቸው አነስ ብሎ ታየ። ሁለት አገር፣ ሁለት የአሮጊቶች ስብስብ፣ ወደ አንድ ያዘነበለ ውጤት። በሴቶች ላይ ማተኮራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴት እስክታርጥ ድረስ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ለደም ሥሮቿ ከለላ ይሆናል፤ ካረጠች በኋላ ግን ግፊቷ ይወጣል፣ በሃምሳዎቹ ከወንድ ወደ ኋላ የነበረው የልብ ሕመም ስጋቷ በሰባዎቹ ይደርስበታል።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ጥናቶች ሴቶቹን ጠይቀው የመዘገቡ ናቸው፤ ለማንም ቸኮሌት አልሰጡም፣ ከማንም አልከለከሉም። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ወጥመድ ለወሎ ሰው በቡና ቢነገር ይቀላል። ግፊት የተገኘባት ሴት ከጤና ጣቢያ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሰማው ምክር «ቡናውን ተይ» ነው። ትተዋለች። አንድ አጥኚ በዓመቱ መጥቶ ቡና የሚጠጡትንና የማይጠጡትን ቢቆጥር፣ ከማይጠጡት መካከል ሕመምተኛ በዝቶ ያገኛል፤ «ቡና አለመጠጣት ልብ ያሳምማል» ቢልም ቁጥሩ አይቃወመውም። በስዊድንም ስኳር ያለባት፣ የወፈረች፣ ሐኪም የከለከላት ሴት ቸኮሌት ከማይበሉት ወገን ትገባለች። በሳምንት አንድ ቁራሽ ብቻ በልታ እጇን የምትሰበስብ ሴት ደግሞ በሌላውም አመጋገቧ ቁጥብ መሆኗ አይቀርም። ልቧን የጠበቀው ቁራሹ ይሁን ቁጥብነቷ፣ በመጠየቅ ብቻ አይለይም።

ቸኮሌቱ ራሱ ይጠቅማል ለማለት የሚያስችል መንገድ ግን በሰውነት ውስጥ አለ። ኮኮዋ ፍላቫኖል የሚባሉ የተክል ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ዋናው ኤፒካቴኪን ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እንዲያመነጭ ያግዛል፤ ጋዙ ደም ሥሩን ያላላዋል፣ ሲላላ ግፊቱ ጥቂት ይወርዳል። ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆኑት በፓናማ ጠረፍ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት የኩና ሕዝቦች ናቸው። የአሜሪካው ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲያጠናቸው፣ ደሴት ላይ የሚኖሩት ኩናዎች ጨው የማይቆጥቡ ሆነው ሳለ፣ ሲያረጁ እንኳ ግፊታቸው ብዙ አለመውጣቱን ተመለከተ። በየቀኑ ብዙ ኩባያ ኮኮዋ ይጠጡ ነበር። ወደ ፓናማ ከተማ የፈለሱት ዘመዶቻቸው ግን እንደማንኛውም ከተሜ ግፊት ያዛቸው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት፣ ኩናዎቹ የሚጠጡት ኮኮዋ በወርቃማ ወረቀት ከተጠቀለለው ጋር ስሙን እንጂ ይዘቱን ብዙም አይጋራም። ፍላቫኖል መራራ ነው። ፋብሪካ ፍሬውን ሲያቦካ፣ ሲቆላ፣ በተለይም መራራነቱን ለማጥፋት በአልካሊ ሲያክም አብዛኛው ይጠፋል። በመጨረሻ ስኳርና ወተት ሲገባበት፣ ከወተት ቸኮሌት ክብደት ግማሹ ያህል ስኳር ይሆናል። መራራ ያልሆነ ነገር ብዙ ፍላቫኖል ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መራራው ጥቁር ቸኮሌትም የራሱ ነገር አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 የጥቁር ቸኮሌት ዓይነቶች አስመርምሮ፣ ከ23ቱ በየቀኑ 28 ግራም የሚበላ ሰው የካሊፎርኒያ ግዛት ካስቀመጠው ልክ በላይ እርሳስ ወይም ካድሚየም እንደሚያገኝ ዘግቧል።

«ኮኮዋ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሚገባ የተፈተነው ኮስሞስ በተባለው የአሜሪካ ሙከራ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 12,666 ሴቶችና 60 ዓመት የሞላቸው 8,776 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል በእንክብል ሲወስዱ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ዋጡ። ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ የልብና የደም ሥር ሕመም ድምር በኮኮዋው ወገን በ10 በመቶ አነሰ፤ ነገር ግን ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ስለነበር ሙከራው በዋናው ጥያቄው አልተሳካም። በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ነገር ብቻውን ሲታይ በ27 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ጥያቄ መልስ በመሆኑ ሌላ ሙከራ ካላረጋገጠው በቀር የሚመረኮዙበት አይደለም። ከሙከራው ደጋፊዎች አንዱ የማርስ ኩባንያ ክፍል መሆኑም መነገር አለበት። ማርስ «ጋላክሲ» የተባለውን ቸኮሌት የሚሠራው ነው። 500 ሚሊግራሙን ከተራ የወተት ቸኮሌት ለማግኘት ቢታሰብ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ መብላት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን የሚመክር ሐኪም የለም።

ጋላክሲ የሚለው ስም ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው እንግዳ አይደለም። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በወልድያ መንገድ ላይ፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ አለፍ ሲል ውጫሌን የያዘው አምባሰል አለ። ይህ አገር ልጆቹን፣ በተለይ ሴት ልጆቹን፣ ለሥራ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ቤሩት የሚልክ ነው። ቸኮሌት እዚህ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሻንጣ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጅ ሻንጣዋን ስትከፍት ሽቶው፣ ሻሹ፣ ለእናት የመጣው ሹራብ፣ ከሥር ደግሞ የከረሜላና የቸኮሌት ቆርቆሮው ይወጣል። ጎረቤት ይጠራል፣ ለየሰዉ አንድ አንድ ይታደላል፣ ልጆች ወረቀቱን እስከ ፋሲካ ያቆዩታል፣ ቆርቆሮው በኋላ የስኳር ወይም የክር ማስቀመጫ ይሆናል። እናትየዋ ድርሻዋን ለልጅ ልጇ ትሰጣለች። በሱቅ የሚገዛው የውጭ ቸኮሌትም ቢሆን የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው፦ መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ቸኮሌትና ከረሜላ ነበሩበት፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ነው።

ለክርስቲያኗ ደግሞ ጾሙ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡም። ሥርዓቱ ግን በሩ ላይ አይቆምም፤ በዙሪያው ባሉት እናቶች ማዕድ ላይ ይታያል። ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን፣ የነቢያቱንና የሐዋርያቱን ሁሉ የምትጾም ሴት በዓመት እስከ 250 ቀን ወተትና ሥጋ አትቀምስም። የወተት ቸኮሌት በነዚህ ቀናት የፍስክ ነው። ወተት የሌለበት መራራው ጥቁር ቸኮሌት ብቻ በጾም ያስኬዳል፤ እሱ ግን በቆርቆሮው ውስጥ የለም። የስዊድኑ ጥናት ለሐይቅ ሴት በቀጥታ የሚነግራት ነገር እምብዛም ነው ማለት ነው።

የሐይቅ ሴት በየቀኑ የምትወስደው፣ መራራ የሆነ፣ ከፍሬ ተቆልቶ የሚዘጋጅና በፍላቫኖል ባይሆን በሌሎች የተክል ውሕዶች የበለጸገ ነገር አላት። እሱም ቡና ነው። ወሎ ውስጥ ቡና የእስላምና የክርስቲያን የጋራ ነገር ከሆነ ቆይቷል፤ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን የደጋው ክርስቲያን የእስላም ነው ብሎ ይሸሸው ነበር። ዛሬ በአንድ ረከቦት ዙሪያ አንዷ በዱዓ፣ ሌላዋ በአቡነ ዘበሰማያት ሲኒዋን ታነሣለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚፈላበት ቤትም ብዙ ነው። ይህም በቀን እስከ ዘጠኝ ሲኒ ያደርሳል።

ቡና በልብ ላይ የሚያሳየው ውጤት ከቸኮሌት ይልቅ በብዙ ሰው ላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከእንግሊዝ አገር የወጣ ከሁለት መቶ በላይ ትንተናዎችን የጨመቀ ሥራ፣ በቀን ሦስት አራት ኩባያ የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ በልብና ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ19 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ኩባያው ግን የፈረንጅ ኩባያ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሲኒ ይይዛል። አፈላሉም ለውጥ ያመጣል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኖርዌያውያንን የተከታተለ የ2020 ጥናት፣ በወረቀት የተጠለለውን ቡና የሚጠጡት ሲጠቀሙ፣ ሳይጠለል ተፈልቶ የሚጠጣው ያንን ያህል እንዳልጠቀመና ከ60 ዓመት በላይ ላሉ ወንዶችም እንደጎዳ አመልክቷል። ምክንያቱ ካፌስቶል የተባለ የቡና ቅባት ነው፤ ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ወረቀት ግን ያስቀረዋል። የጀበና ቡና በማዝቀጥ የሚቀዳ እንጂ በወረቀት የሚጠለል ስላልሆነ፣ ወገኑ ከማይጠለለው ነው።

ግፊቷ ከፍ ላለባት ሴት ይበልጥ የሚጠቅመው የጃፓኑ ጥናት ነው። ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 18,609 ሰዎች ለ19 ዓመታት ያህል ተከታትለው፣ ግፊታቸው ከ160 በ100 ያለፈና በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በልብና ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ኩባያ ይህን ጉዳት አላሳየም። ግፊታቸው መጠነኛ በሆኑት ላይም አልታየም። «ቡናውን ተይ» የሚለው የጤና ጣቢያ ምክር እንግዲህ ለሁሉም እኩል የሚሠራ አይደለም፤ የግፊቷን ቁጥር ለማታውቅ ሴት ደግሞ ለማን እንደተነገረ እንኳ አይታወቅም።

ከካፌይኑም ከካፌስቶሉም ይልቅ በወሎ ሲኒ ውስጥ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በወሎ ገጠር ቡና በጨው ይጠጣል። ስኳር ውድ በነበረበት ዘመን የተጀመረ ቢመስልም፣ ዛሬም ስኳር ቤት እያለ «በጨው ይሻለኛል» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ጨው መራራነቱን ስለሚሰብረው ጣዕሙን ያውቁታል። አንዳንዷ ጀበናው ውስጥ ትጨምራለች፣ አንዳንዷ በየሲኒው በጣቷ ትቆነጥራለች። በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው ሲመዘን ከሩብ እስከ ግማሽ ግራም ይሆናል። አንድ ሦስተኛ ግራም ቢያዝና በዘጠኝ ሲኒ ቢባዛ፣ ገና ምሳ ሳይቆጠር ሦስት ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የፈቀደው ጠቅላላ ጨው አምስት ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወጡ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ውስጥ ተወቅጦ የገባው ጨው ገና ይመጣል።

ይህ የቡና ስሌት ለምሳሌ ያህል የተሠራ ነው፤ አገር አቀፉ ቁጥር ግን ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የዳሰሳ ጥናት፣ አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን ከስምንት ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት መካከል 16 በመቶ ገደማው የደም ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አስፍሯል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ መጠን ይወጣል። ከዚህ ላይ ጫቱ ሲጨመር፣ በተለይ በዱዓው ቤት ለሰዓታት የሚቃም ከሆነ፣ ግፊትና የልብ ምት ይበልጥ ይወጣል።

የጨው ነገር እንደ ቸኮሌቱ በመጠየቅ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ሰው ላይ ተሞክሯል። በቻይና አምስት ክፍለ ሀገራት በ600 የገጠር መንደሮች 20,995 ሰዎች ተመርጠው፣ የግማሾቹ መንደሮች ተራውን ጨው ትተው ሩቡ ፖታስየም ክሎራይድ የሆነ ጨው እንዲጠቀሙ ተደረገ። ተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜያቸው 65፣ ግማሽ ያህሉ ሴቶች፣ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው ወይም 60 አልፈው ግፊት ያለባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ12 በመቶ ቀነሰ። ይህ የተገኘው የወጡን ጣዕም ብዙም ሳይለውጥ፣ ከድስቱ አጠገብ የሚቀመጠውን ዕቃ በመለወጥ ብቻ ነው። የኮስሞስ ሙከራ በየቀኑ በተዋጠ እንክብል 10 በመቶ አግኝቶ እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ገንዘብና ትኩረት ወዴት መሄድ እንዳለበት አይጠፋውም። ፖታስየም ያለበት ጨው ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች እንደማይሆንና ያለ ሐኪም ምክር እንደማይጀመር ግን አብሮ መነገር አለበት።

ጭሱም ልብን ይጎዳል። በጓዳ በእንጨትና በኩበት የሚነድ ምድጃ ከሚያወጣው ጥቃቅን ብናኝ የተነሣ የደም ሥር ይቆጣል፤ አርባ ሃምሳ ዓመት እንጀራ የጋገረች ሴት ሲጋራ ሳታጨስ የአጫሽ ያህል ልትጎዳ ትችላለች። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተሠርቶ ማገዶን ቢቀንስም፣ ጭስ ማውጫ በሌለው ጓዳ ውስጥ ጥቅሙ ይቆረጣል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው የልብ ቫልቮች ሕመምም ለአገሪቱ ትልቅ ችግር ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን የመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሕመም ከወጣትነት ጀምሮ ይዞ የሚያረጅ ስለሆነ ከአንዲት አሮጊት የልብ ድካም ጀርባ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ቸኮሌትም ቡናም ሚና የላቸውም።

ፍላቫኖል ይጠቅማል ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ወደ ሻንጣው መመልከት የለበትም። የኮኮዋው ኤፒካቴኪን በእሸት ባቄላ ውስጥም ይገኛል፤ ሲቀቀል መጠኑ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። አምባሰል ደጋ ላይ ባቄላ ለማግኘት ማንም ዶላር አያስመነዝርም። ቀይ ማሽላም ታኒን የሚባሉ ዘመዶቹ አሉት፤ ምሬቱ የሚመጣው ከነሱ ነው። እነዚህ እንደ ኮኮዋው በሙከራ ያልተፈተኑ ስለሆኑ መድኃኒት ተብለው አይጠሩም። ስኳር ግን የለባቸውም፣ የጾምም ናቸው፣ ለአሮጊቷም ባዕድ አይደሉም።

የቀረው መድኃኒቱ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዕድሜ የሚያረዝመውም እሱ ነው። በአገሪቱ በብዛት የሚታዘዙት የግፊት መድኃኒቶች፣ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል፣ አዲስም ውድም አይደሉም። ችግሩ መቋረጣቸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰበት ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሳምንታት ያለ ክኒን ከርመዋል። ያ ጊዜ አልፏል፤ በየዓመቱ የሚመላለሱ ትንንሽ መቋረጦች ግን አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን ክኒን ትዘልላለች፤ በረመዳን የምትጾመዋም እንዲሁ። ጠበል የገባች «እምነት ላጉድል?» ብላ ትተወዋለች። አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓታቸውን ወደ ማታ ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይቻላል፤ ውኃ የሚያሸና ክኒን ግን ለጿሚ ሰው ሐኪም ሳያይ አይዛወርም። ጤና ባለሙያው ይህን ሳይጠየቅ ቢናገር፣ ቄሱና ሼኹም ቢያግዙት፣ አንድ ብር ሳይወጣ ብዙ ሰው ይድናል።

ከዓረብ አገር የምትመለሰው ልጅ በሻንጣዋ ከቸኮሌቱ ቆርቆሮ ጎን አንድ ነገር ልትጨምር ትችላለች፤ በክንድ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ የሚሠራ የግፊት መለኪያ። በእጅ አንጓ የሚታሰረው ብዙ ስለሚስት አይመከርም። እናት ከመለካቷ በፊት ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ታሳልፍ፣ ጀርባዋን ደግፋ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ክንዷ በልቧ ትይዩ ይረፍ። ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ። ከ135 በ85 በላይ እየደጋገመ ከወጣ ወረቀቱን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከ180 በ110 ካለፈ ደግሞ ሳምንቱን መጠበቅ አያስፈልግም።